የእፍኝ እርቦ

ለጥሩዬ፣ ከደብሩ አጸድ ከጥዱ ሥር ለተኛሽው፤

ከተለየሽኝ ዛሬ አርባ ቀን ሞላ። የቆጠርሁት እኔ ነኝና አትጠራጠሪ ልልሽ ነበር፤ ግን የእኔን ቆጠራ ለመጠራጠር ካንቺ የበለጠ ምክንያት ያለው የለም።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ልጃችን ብርቄ ደኅና ናት። ጣሪያው በዚያው በኩል ያፈሳል። ዶሮዋ ወታደሮቹ ከበሏት ወዲህ አልተመለሰችም። መድፍ የሚሠራበት የጋፋት መዶሻ ግን አላረፈም፤ ንጉሡ ብረት ያበስላሉ፣ እኛ ሳማ።

ግንቦት ላይ ከቤታችን እንዲቀለቡ የተመሩብን ወታደሮች የጎተራውን እኩሌታ በሉ፤ ሲሄዱም ለስንቅ ብለው ከቀረው እኩሌታውን ጫኑ። ሰኔ ላይ የተረፈውን ዘራነው። ሐምሌ ሲገባ ከመደቡ ሥር በማሰሮ የቀበርሽው ገብስ ብቻ ቀረን። አንድ እፍኝ በምትይዘው ቅል ሰፈርነው፤ መቶ ሠላሳ አምስት ሆነ። ለሦስት አፍ አርባ አምስት አርባ አምስት ይደርሳል። አዲሱ እህል እስኪደርስ ግን ዘጠና ቀን ነበር። እኔም ፈገግ ብዬ፣ «አርባ አምስቱን ለግማሽ ክፈይው፣ ዘጠና ይወጣል፤ በቀን ግማሽ ግማሽ እፍኝ ነው» አልሁሽ። ለግማሽ ሲከፈል መብዛቱ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺ ቅሏን አየሻትና፣ «ቁጥሩስ ጠገበ» አልሽ።

ከዚያ ሱባኤ ይዣለሁ አልሽ። ቀጥሎ ፍልሰታ ገባ፤ ከማኅሌት ስመለስ «ከብርቄ ጋር ቀምሻለሁ» ትይኝ ነበር። በጾም የከሳ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይጠየቅም። የነፍስ አባታችን አይተውሽ «ጾም እንዲህ ነው» ብለው መረቁሽ፤ እኔም ኮራሁ። ለተማሪዎቼ ቀኑን ለስድሳ ኬክሮስ፣ ኬክሮሱን ለስድሳ ካልዒት የምከፍለው ሰው፣ ከፊቴ የተቀመጠች እፍኝ መጉደሏን አላየሁም።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ሄድሽ። የያዘሽ በሽታ ቀላል ነበር አሉ። ሰልስትሽ እስኪያልፍ ጎረቤት ስላበላን ማሰሮው አልተነካም፤ እንዳለፈ የቀረውን ሰፈርሁ። እስከ ሞትሽ ድረስ ሦስታችን አርባ ቀን በልተናል፤ በቀን አንድ እፍኝ ተኩል፣ ስድሳ ሄዷል። ሰባ አምስት መቅረት ነበረበት። ሰማንያ አምስት ሆነ። ደግሜ ሰፈርሁ። ሲጎድል ሌባ ይፈለጋል፤ ሲተርፍስ ማን ይፈለጋል? ብርቄን ብጠይቃት፣ «እማ እኮ ግማሹን ወደ ማሰሮው ትመልሰው ነበር» አለችኝ። የግማሽ እፍኝ ግማሽ እርቦ ነው። አሥሩን ለእርቦ ከፈልሁት፤ አርባ ወጣ። አንድ ቀንም አልዘለልሽም፣ ጥሩዬ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ሒሳብ ይከብደኛል። አለመብላትሽ ከጉድለታችን ላይ ተቀነሰ፤ ጉድለት ሲቀነስ ትርፍ ነው። መሞትሽም ለቀሩት አምሳ ቀናት ሃያ አምስት እፍኝ ጨመረልን። ይህን ለተማሪ አላስተምርም።

በሃያ አምስቱ የብርቄን ድርሻ ሙሉ እፍኝ አደረግሁት። አንቺ የመለስሽውን አሥሩን ለብቻ አስቀመጥሁ፤ እጄ አልሄድልህ አለኝ።

ዛሬ ጧት የነፍስ አባታችን መጡ። «መሪጌታ፣ ተዝካሯንስ?» አሉ። አሥር እፍኝ ገብስ አለ አልኋቸው። «እሱ ጠላ ሊሆን ቀርቶ እንስራም አያጥብ፤ ግን ለንፍሮ ይበቃል» አሉኝ። ጎረቤታችን እትዬ ውባለምም በአጥር በኩል፣ «ምነው መሪጌታ፣ ባዶ እጇን ሊሰዷት?» አሉ። ተዝካር ያላወጣን ሰው እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ገሥጫለሁ! ነፍስሽ ስሜን ጠርታ ትከሰኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ወደ ማሳው ወረድሁ። በሒሳቤ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ገብሱ ግን ሒሳቤን አልሰማም። ፍሬውን ብጨብጠው ገና ወተት ነው።

ይቅር በይኝ፣ አልሰጠሁም። አሥሩን መልሼ ከማሰሮው ጨመርሁት። ስምሽን በየቅዳሴው አነሣለሁ፤ ይህ ቃሌ ነው። ድግስ ግን የለም።

ከቀትር በኋላ ለብርቄ ቅሏን ሞልቼ ቆሎዋን ሰጠኋት። ጥቂት በላችና የቀረውን ወደ እኔ ገፋችው። «ጠግቤያለሁ፣ አባ» አለች። ከማን እንደተማረችው አላጣሁትም። መልሼ ከእጇ አደረግሁት፤ የመጨረሻዋን ፍሬ እስክትውጥ ድረስ ከፊቷ አልተነሣሁም። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ አንቺን የማስብበት ሌላ መንገድ አላውቅም።

ባልሽ