የአውቶቡስ ሹፌሯ ጉልበት ከጥናቱ እንዳይሰረዝ

ለአጥንት ሕክምና ምርምር ክፍል ኃላፊ
ቀን፦ ሰኔ 9
ጉዳዩ፦ የእጮኛዬ ጉልበት በመረጃ ቋቱ እንዲቆይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች በክፍልዎ የመረጃ ቋት ሠራተኛ ነኝ። የጉልበትና የዳሌ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ታካሚዎች በየጊዜው እየደወልኩ ሕመማቸውን ከዜሮ እስከ አስር አስቆጥራለሁ፤ ደረጃ መውጣትና ካልሲ ማጥለቅ መቻላቸውንም እመዘግባለሁ። ከደስታዬ ብዛት ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. ባለፈው ዓመት ቀኝ ጉልበቷ የተቀየረላት አንዲት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ለእኔ ደረሰችኝ። ከቀዶ ሕክምናዋ በኋላ በሦስተኛው ወር ደውዬ ሕመሟን ብጠይቃት፣ "እርስዎ ሲደውሉ ዜሮ፣ ሲዘጉት ሦስት" አለችኝ። እኔ ሞኙ አማካዩን ልመዝግብ ወይ ብዬ አማከርኳት። ሳቀች። በቃ፣ አለቀልኝ!

2. ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮግራምም ደወልኩ። ደንባችን ለታካሚ የተደወለ ሁሉ ይመዝገብ ስለሚል፣ አንዱንም ሳላስቀር "ተጨማሪ ክትትል" እያልኩ አስገባሁ። የጥናቱ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ጉድ ፈላ፤ በቋቱ ውስጥ የእሷን ጉልበት ያህል ክትትል ያገኘ የለም። ባልደረቦቼ "አቶ ክትትል" ይሉኛል፤ ይበሉ።

3. እኔ ሚስቴ፣ እሷም ባሏ የሞቱብን ነን። በዚህ ዕድሜዬ ልቤ እንደ ጎረምሳ ይዘላል ብል ማን ያምነኛል? ልንጋባ ነው! ሆኖም የሠራተኛ ቤተሰብ ከጥናቱ ይውጣ በሚለው መመሪያ መዝገቧ ሊሰረዝ መሆኑን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። "ያን ሁሉ ጥያቄ የመለስኩት ከኔ በኋላ ኦፕራሲዮን ለሚሆኑት ይጠቅማል ብዬ ነው። ጉልበቴን ከሰረዝክ እኔንም ሰርዘኝ" ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ቀልዷን አይደለም፤ አውቃታለሁ።

4. ስለዚህ ከመቀራረባችን በፊት የተመዘገበው እንዲቆይ፣ የእኔ ተጨማሪዎች ተለይተው እንዲቀመጡ፣ ቀዶ ሕክምናዋ ዓመት ሲሞላው የሚደወለውንም የክትትል ስልክ ከሠርጉ በፊት ሌላ ባልደረባ እንዲደውል በትሕትና እለምናለሁ። እኔ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ፤ ጆሮዬን በሩ ላይ አልለጥፍም።

የመጠይቁ መጨረሻ፣ "ያለፈውን ሁሉ እያወቁ ቀዶ ሕክምናውን ዳግም ይመርጡ ነበር?" ይላል። አይ ብትልም እንዳለ ይመዝገብ፤ ጉልበቱ የእሷ ነው። እኔን የሚጠይቀኝ የለም እንጂ፣ ያን ሁሉ ስልክ ዳግም እደውል ነበር።

ቀና ምላሽዎን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እየጠበቅሁ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የመረጃ ቋት ሠራተኛውና፣ እርስዎ ከፈቀዱ፣ ሙሽራው