ሁለት ሳንቲም የተጫነበት መርፌ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
አራተኛ ፎቅ፣ ድምፁ የሚመጣበት በር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነደም ግፊትዎ ልክ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከነጆሮዎ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከእርስዎ ሥር ያለን የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ደህና ነን፤ ደህና አለመሆናችንን ብንጮህም ስለማይሰሙን፣ ደህና ነን ማለቱ ድካም ይቀንስልናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ሰው የሚያወራልዎትን ሁሉ እርስዎ ብቻ ሳይሰሙት እንዳይቀሩ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አንባቢ ከመሃል ገብቶ ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ላንሣ። ከስምንት ወር በፊት አንድ ርካሽ የሸክላ ማጫወቻ ገዙ። ፕላስቲክ ነው፤ ከምሳ ዕቃ ብዙም አይከብድም፤ ድምፁም ጉንፋን የያዘው ሰው ትራስ ውስጥ ተደፍቶ ሲያወራ ይመስል ነበር። እርስዎ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በቀላል ማሻሻያ፣ በእጅ በሚገኝ ነገር፣ ከባለጸጋ ቤት ማጫወቻ ጋር አስተካክለዋለሁ ብለው ተነሡ። ሐሳቡን ማንም አይነቅፍም። ምድር ቤት ያለው ባለራዲዮ፣ ያ እጁ የተባረከ ጠጋኝ እንኳ፣ «ርካሽ ማጫወቻ እንደ ርካሽ ጫማ ነው፤ ሶሉን ከቀየርክለት ከተማውን ያዞርሃል» ይላል። ችግሩ፣ «በእጅ የሚገኝ» ሲሉ በማን እጅ እንደሆነ አለመግለጽዎ ነው።

አንደኛ፦ ማጫወቻ ከባድና የማይነቃነቅ ነገር ላይ ሲቀመጥ ድምፁ እንደሚጠራ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ከባዱ ነገር የዋናው በራችን መርገጫ እብነ በረድ ሆኖ በመገኘቱም፣ ዛሬ ሁላችንም ወደ ቤታችን የምንገባው ዘለን ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ በሰባት ወር እርግዝናዋ ስትዘል ያየ መንገደኛ፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ጂምናስቲክ ይሰጣል ወይ ብሎ ጠይቆኛል።

ሁለተኛ፦ ከማጫወቻው ሥር ለስላሳ እግር ማድረግዎም ብልህነት ነው፤ የወለሉ ንዝረት ወደ መርፌው እንዳይወጣ ያግዳል። ለዚህ ሲሉ የደረጃችንን የጠርዝ ጎማ ነቅለው አራት ቦታ ስለቆረጡት፣ ጡረተኛው ፖስተኛ ባለፈው ወር ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አንደኛ ያለ ቴምብር ተልከዋል። ወገባቸው ገና አልደረሰም።

ሦስተኛ፦ ማጫወቻው ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል በአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት ማስገባትዎን ሰምተናል። ወረቀቱ ስለ ውኃ ፓምፑ የጻፍንልዎ ማመልከቻ ነው፤ አምስቱም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት ልጠቅስ አስቤ፣ ወረቀቱን መስደብ መሰለኝና ተውኩት። የሆነ ሆኖ ፊርማችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በማቃናቱ ኩራት ተሰምቶናል።

እስከዚህ ያለውን ስቀን እናልፈው ነበር፤ ከእርስዎ ጋር ስንኖር ከዚህም የባሰ አሳልፈናል። የሚቀጥለውን ግን ስቄ ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

አራተኛ፦ መርፌው። ማጫወቻው ሸክላ ላይ እየዘለለ ሲያስቸግርዎ ባለራዲዮውን ጠሩት። እኔ እዚያው ደረጃ ላይ ነበርኩ፤ ወሬ ሲያልፍ ጆሮዬን እንደማልደፍን ደግሞ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። «ጋሼ፣ መርፌው አልቋል፤ እሱ ይቀየር። ከዚያ የክንዱን ክብደት በልኩ አስተካክልልዎታለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለዎት። እርስዎም «አንተ ራዲዮህን ጠግን! የሚዘለው ስለቀለለ ነው፤ ለቀላል ነገር መድኃኒቱ ጭነት ነው» ብለው፣ መርፌው ራስ ላይ ሁለት ሳንቲም በፕላስተር ለጠፉ። ባለራዲዮው ደረጃውን ሲወርድ ለራሱ «አሁንስ መርፌ አይደለም፣ ማረሻ ሆኗል» ይል ነበር። መዝለሉ በእርግጥ ቆመ። ማረሻ መቼ ይዘላል?

ከእኔ ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩትን፣ ሁላችንም «እትዬ» ብቻ የምንላቸውን ባለቤታቸው የሞቱባቸውን ሴት ያውቋቸዋል። ሟች ትራምፔት ነፊ ነበሩ። በዕድሜያቸው አንድ ሸክላ ብቻ አስቀረጹ፤ ያሳተመው ድርጅት ተዘግቷል፤ ሌላ ቅጂ ተፈልጎ ማንም ዘንድ አልተገኘም። ሸክላው ሲጀምር፣ ሙዚቃው ሳይገባ፣ ቀራጮቹ ሳይቆርጡት ያመለጠ አንድ ነገር ነበር፤ ሰውየው ሳቅ ብለው «ቆይ፣ ቆይ፣ ከንፈሬ ደርቋል» ይላሉ። ይኸው ነው። እትዬ ከባላቸው ድምፅ የቀራቸው ይህ ብቻ ነበር። በየሁለት ወሩ ባለራዲዮው ሱቅ ይወርዱና በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያችን ይሰማሉ፤ ትራምፔቱ ሲጀምር «በቃ ልጄ፣ አንሣው» ይላሉ።

ይህን ሸክላ ነው እንግዳ ጠርተው ቅዳሜ ከሰዓት ላሰናዱት የማሻሻያ ማሳያዎ የፈለጉት። እትዬ መስጠት አልፈለጉም ነበር፤ «የኮሚቴ ሰው ራሱ መጥቶ ጠይቆኝ፣ እንዴት አድርጌ እምቢ ልበል?» ብለው እያቅማሙ ሰጡዎት። እርስዎም በእንግዳው ሁሉ ፊት፣ መርፌው ሳይዘል እንዴት እንደሚያርፍ ለማሳየት፣ ያን ሳንቲም የተሸከመ ክንድ እያነሡ ሸክላው መጀመሪያ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ አሳረፉት። እዚያው ቦታ፣ መጀመሪያው ላይ ብቻ። ተቀምጬ ቆጥሬአለሁ፤ ተነሥቼ እጅዎን አለመያዜ የእኔ ነውር ነው፣ ለእርስዎ አላካፍልም። ትራምፔቱ ዛሬም ደህና ይነፋል። የሰውየው ሳቅ በነበረበት ቦታ ግን አሁን ያለው ቆርቆሮ በሚስማር ሲፋቅ የሚሰማው ድምፅ ነው።

አምስተኛ፦ ሸክላውን ራስዎ አልመለሱም፤ ባለቤትዎ በፎጣ ጠቅልለው አመጡት። እትዬ ባለራዲዮው ሱቅ ሰምተውት ሲወጡ ደረጃ ላይ ተገናኛችሁ። «ወንድሜ፣ ሸክላዬን ምን አገኘብኝ?» ቢሉዎት፣ «ድሮም የተበላሸ ነው፤ የእኔ ማሻሻያ ጉድለቱን አጋለጠው እንጂ» ብለው አለፏቸው። በማግስቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ነዋሪዎች ለማሳያ የሚያቀርቡት ሸክላ ከጉድለት የነጻ እንዲሆን በጥብቅ እናሳስባለን» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ማኅተሙ በእውነት ያምራል። ቀጥ ብሎ ነው ያረፈው፤ እጅዎ ሲፈልግ ቀስ ብሎ ማሳረፍ ይችላል ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅዎትም፤ ለዚህ ካሳ የሚሆን ነገር አልተሠራም። የምለምንዎ አሥራ ስምንት ደረጃ ወርደው፣ የእትዬን በር አንኳኩተው፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» እንዲሉ ብቻ ነው። ምክንያቱም እሳቸው እርስዎን አምነው ራሳቸውን መክሰስ ጀምረዋል። «ምናልባት ፀሐይ ላይ ረስቼው ይሆናል» ይላሉ፤ «በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬው ይሆናል» ይላሉ። ባላቸውን አንድ ጊዜ ቀብረዋል። ሁለተኛውን ጉድጓድ እርስዎ ቆፍረው አካፋውን እሳቸው እጅ ላይ አይተዉት።

ለጥራት ያለዎትን ፍቅር ባደነቅሁ ቁጥር እንቅልፍ የሚነሣኝ፣ እርስዎ ሲራመዱ የሳሎኔ አምፖል የሚወዛወዝብኝ፣ በትሕትና ከሥርዎ የምኖር ታዛዥ ጎረቤትዎና የዚህ መጽሔት ዓምደኛ፣
ሦስተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለባለራዲዮው፣ ምድር ቤት
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከማኅተሙ አጠገብ
ለውኃ ፓምፑ፣ በሕይወት ካለ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎን በተመለከተ። ፎጣውን ይዘው የወረዱት የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነበር። «ሁለት ደቂቃ ልቀመጥ» ብለው እትዬ ቤት ገቡ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። በየቀኑ በሬን ከፍቼ ስወጣ «የት ገባች ብሎ ጠየቀ እንዴ?» ይሉኛል። የመጀመሪያው ሰሞን ሲጠይቁኝ ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር። ትናንት ግን «አልጠየቀም» ስላቸው በረጅሙ ተነፈሱና፣ የቀረውን ልብሳቸውን የሚያወርድላቸው ሰው እንድፈልግ ላኩኝ። ሐሙስ ከሰዓት ይመጣል። ማጫወቻውን ማቆም አያስፈልግዎትም፤ ቁልፍ ሰጥተውታል።