የጋሽ አራጌ ዋሽንትና ከደሴ የመጣው ኦርጋን

ጥቅምት 26 ቀን 1980
ለደሴው ውድድር ልምምድ፣ እንደ ወትሮው። የክራሬ ክር ተበጥሶ ግማሽ ሰዓት ባከነ። ጋሽ አራጌ ዋሽንታቸውን ሲያሟሹ፣ ከወግዲ የመጡ ገበያተኞች አዳራሹ ደጃፍ ቆመው ሰሙ። ሌላ ምንም የለም።

ጥቅምት 29
ለሥልጠና ደሴ ሄዶ የነበረው በላይ ተመለሰ። ለኪነት ቡድናችን ተብሎ የተሰጠ ጥቁር ሳጥን ይዟል። "ሲንተሳይዘር ይባላል" አለ። እኛ ኦርጋን አልነው።
ጄኔሬተሩ ተነሳ። አንድ ጣቱን አሳረፈ... ጉድ! ድምፁ አያልቅም። ጣቱን እስኪያነሳ አይተነፍስም። የሰው አይደል፣ የነፋስ አይደል... ምንድን ነው?
ጋሽ አራጌ ብቻ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

ኅዳር 1
አልገጥም አለ። አንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ስንደርስ ዋሽንቱና ኦርጋኑ ተጣሉ። እኔ የክራሬን ክር አላልቼ እከተላለሁ። የሸምበቆ ቀዳዳ ግን ወዴት ይሄዳል?
የኪነት ኃላፊው ሰማ። "ዋሽንቱ ይቅር። ደሴ የምንወዳደረው በዘመናዊው ነው" አለ።
ጋሽ አራጌ ዋሽንታቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ሄዱ። ክራር ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

ኅዳር 2
ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። "እሳቸው ከቀሩ እኔም ቀርቻለሁ።"
"ክራር መቺ ሞልቷል፣ ሸዋረግ" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "ኅዳር 11 ገበያ ላይ ተጫወቱ። ሕዝቡ ካልወደደው ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።"
ምን አደረግሁ?

ኅዳር 3
ከበላይ ጋር ጋሽ አራጌ ቤት ሄድን። "አንቱ ከሌሉበት አይሆንም" አልኳቸው።
"ልጄ፣ ይህ ሸምበቆ አርባ ዓመት በዚህ ድምፅ ኖሯል። ለሳጥን ብሎ አይለወጥም።"
"አብሽሩ" አለ በላይ፣ "ሳጥኑ ይለወጣል።"

ኅዳር 7
ጋሽ አራጌ ተመለሱ፤ ሳጥኑ ሲለወጥም በዓይኔ አየሁት። ኦርጋኑ በግራ በኩል ትንሽ መንኮራኩር አለችው። በላይ በቀኝ ጣቱ ይጫናል፤ በግራው መንኮራኩሯን ቅንጣት ታህል ዝቅ ያደርጋታል። ድምፁ ይንሸራተታል... ዓይኑን ጨፍኖ ዋሽንቱን ይከተላል። ይስታል። እንደገና።
አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። ተገናኙና ሁለቱም ጠፉ! ሌላ፣ ሦስተኛ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ክራሬን መምታት ረሳሁ።
ጋሽ አራጌ ዋሽንቱን ከአፋቸው አወረዱ። ኦርጋኑ ብቻውን ቀጠለ። "እኔ ነኝ ወይስ እሱ?" አሉ ቀስ ብለው።

ኅዳር 11
ገበያው መሐል፣ ጄኔሬተሩ ተነስቶ። ግጥም የለ፣ ጭፈራ የለ። ጋሽ አራጌ ጀመሩ፣ በላይ ገባ፣ እኔ ከሥር ሁለት ክር ብቻ።
በቅሎ ሲጭን የነበረ አንድ ገበሬ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ጨረስን። የሚያጨበጭብ የለም። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።
ከእህል ሻጮቹ መሐል ከከላላ የመጡ አንዲት እናት ተነሱ። "ያ ረቢ! እስቲ ድገሙት!"
ደገምን። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ኃላፊው መጥቶ ከሰው መሐል መሬት ተቀመጠ። ስለ መውጣት ያነሳ የለም። "ለደሴም ይኸው ነው" አለ ብቻ።

ኅዳር 19
የደሴ መንገድ። ይህን የምጽፈው እህል የጫነ መኪና ላይ ሆኜ ነው፤ ፊደሉ ይዘላል። በላይ ኦርጋኑን ጆንያ መሐል ሊያስቀምጥ ሲል ጋሽ አራጌ ቀሙት። በጋቢያቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገውታል። ሦስት ሰዓት ሆነን።
"ይደክምዎታል፣ ላግዝዎት?" አልኳቸው።
"ተይ" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "ተኝታለች።"