ደብቄ ያጠጣሁሽ ውሃ

ዘሀራዬ፣ አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ።

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ስንቴ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ተውኩት። ደክሞኛል። ጠዋት ከመርሳ ሚኒባስ ይዤ ሲሪንቃ እሄዳለሁ፤ ማሳ ሳርም ውዬ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ እወድቃለሁ። ምግብ ቤትሽን ዘግቼዋለሁ። ልጃችን ሰዓዳ ወልድያ ልብስ ስፌት ተቀጥራ እዚያው ቤት ተከራይታለች።

ምግብ ቤቱ ውስጥ የፈላ ውሃ ከደረትሽ እስከ ጉልበትሽ ሲደፋብሽ እኔ ጓሮ እንጨት እፈልጥ ነበር። አንዱ እንቁላል ቀቡት፣ ሌላው የጥርስ ሳሙና ሲል ግማሽ ቀን አለፈብን። ወልድያ ሆስፒታል ስንደርስ ከንፈርሽ ደርቋል፤ በዚያ ሙቀት ትንቀጠቀጪ ነበር።

ነርሷ ግሉኮስ ከሰቀለችልሽ በኋላ ወደ በሩ ጠራችኝ። «ቆዳ ነው ውሃችንን ይዞ የሚያኖረው» አለችኝ። «እሱ ሲላጥ ውሃው ሳያዩት ይተናል፤ ከቁስሉ የሚያዠው ደግሞ ጨውም ይዞ ይወጣል። ሁለቱንም ነው የምንተካላት። ባዶ ውሃ ካበዙባት የቀረው ጨው ይቀጥናል። ጨውና ስኳር ካለው ከዚህ ኦአርኤስ ሌላ የሚጠጣ እንዳይሰጧት።» እሺ አልኩ።

አንቺ ግን ኦአርኤሱ አስጠላሽ። «ጨው ጨው ይለኛል፤ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠኝ» አልሽኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እኔን የለመንሽበት ቀን ትዝ አይለኝም። ነርሷ ዞር ስትል ቀዳሁልሽ። «አልሃምዱሊላህ» ብለሽ ዓይንሽን ስትጨፍኚ ደስ አለኝ። ደጋገምኩት። ጠርሙሱ ሲያልቅ ወጥቼ ሌላ ገዛሁ።

በማግስቱ ሰዓዳ ስትገባ «ይቺ ደሞ ማናት?» ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ሐኪሙ ደምሽን አስመርምሮ ጨውሽ በጣም መውረዱን ነገረኝ፤ ውሃ ሰጥቼሽ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልሰጠሁም አልኩ። ዋሸሁት። ሊያስተካክሉልሽ ብዙ ደከሙ፤ በሦስተኛው ቀን አለፍሽ። ቃጠሎው ሰፊ ነበር ብሏል ሐኪሙ። ቃጠሎው ይሁን ውሃው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰዓዳ ለሰደቃሽ መጥታ ሰሃን ስታጥብ ድንገት ጠየቀችኝ። «አባዬ፣ እናቴ እንደተቀየመችኝ ነው አይደል የሄደችው?» ወልድያ ልሂድ፣ አትሄጂም ተባብላችሁ የተጣላችሁት ያን ሰሞን ነበር። ልጄ ለካ ከዓመት በላይ ይህን ይዛ ነው የኖረችው! ያን ጊዜ ዝም ማለት አቃተኝ። «ቂም አይደለም፤ በደሟ ያለው ጨው ወርዶ አእምሮዋን ስታ ነው፤ ውሃውን ያጠጣኋት እኔ ነኝ» አልኳት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ሳትሰናበተኝ ወጣች። ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሳችም።

ትናንት እሷው ደወለች። «እኔም ብሆን አጠጣት ነበር» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ለምን ብቻህን ያዝከው ግን?» አለች። አለቀስኩ። እሷም ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ዘሀራዬ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ያጠጣሁሽ ስላሳዘንሽኝ ነው፤ የዋሸሁት ግን ስለ ፈራሁ ነው።

ሰዓዳ ለጁምዓ ትመጣለች። ስለ አንቺ ሌላ ሌላውን እንዳጫውታት ጠይቃኛለች፤ እኔማ ከሆስፒታሉ በፊት ያለውን ሁሉ የረሳሁት ይመስለኝ ነበር። ውርጌሳ ላይ መኪና ጥሎኝ ሲሄድ እየሮጥኩ የተከተልኩትን፣ አንቺ መኪናው ላይ ብርቱካን የሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጠሽ እስኪያምሽ የሳቅሽብኝን እነግራታለሁ። ከዚያ ጀምሬ አንድ በአንድ አወራታለሁ። እኔ ስደክም እሷ ትቀጥላለች።

ባልሽ እንድሪስ