ከአሥር አንዴ ሰው አለ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

የሕንፃ መቆጣጠሪያውን አገልግሎት አዲስ ቅጂ ዛሬ ጫንን። አለቃችን ሲያስረዳ ግማሹ ሰው አዛጋ። እኔ ግን እንዲህ ገባኝ፦ ይሄ አገልግሎት የሕንፃው ወሬኛ ነው። የትኛው ወንበር ላይ ሰው አለ፣ የትኛው ክፍል ሞቀ፣ ሁሉን ይይዛል። መብራቱም ማሞቂያውም እሱን እየጠየቁ ነው የሚሠሩት። መረብ የሚሉት ደግሞ በየፕሮግራሙ ደጃፍ ዘበኛ ማቆም ነው፤ መታወቂያ ያላሳየ አያልፍም። ኮሌጅን ሁለተኛ ዓመት ላይ ለተሰናበተች አይከፋም...

ዘበኞቹ ለጊዜው ከአሥር ጥያቄ ዘጠኙን ወደ አሮጌው ቅጂ፣ አንዱን ወደ አዲሱ ይልካሉ። ካልተበላሸ እየጨመርን እንሄዳለን።

የአዲሱን መሞከሪያ መረጃ የምሞላው እኔ። አርባ ወንበር። "ባዶ"፣ "ሰው አለ"... እንደመጣልኝ ሞላሁ። ሰባት ቁጥር ላይ "ሰው አለ" አልኩ። የቀጭኔው ወንበር፤ አብሮን ይሠራ የነበረው ረጅሙ ልጅ። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ሦስት ወሩ። እጄ ነው የጻፈው፣ እኔ የለሁበትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ሰባት ቁጥርን ጠየቅኩ። ባዶ። ባዶ። ባዶ... ሰው አለ።

ዞሬ አየሁ። የምሬን ዞሬ አየሁ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

የሌሎቹ ወንበሮች ውሸት ጠፍቷል። ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ከሥር ያለችው መሣሪያ ታርመዋለች። ለውጥ ከሌለ ግን ትንፍሽ አትልም። እሱ ወንበር ላይ ማን ተቀምጦ ማን ይነሳ?

ማረም አለብኝ። ነገ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

አላረምኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ለአዲሷ ጸሐፊ አሳንሰሩ በድምፅ ነው የሚሠራው አልኳት። "ሦስተኛ ፎቅ፣ እባክህ" እያለች ቆመች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጭኔው ቢኖር ቀድሞ ገብቶ ከውስጥ "እሺ እመቤቴ" ይላት ነበር።

በሄደ ቀን ቦርሳውን ድንጋይ ሞላሁበት። ደረጃው ላይ ደርሶ ገባው። "አንድ ቀን እንኳ ቁም ነገር ትናገሪ ይሆን?" አለኝ። "ሳረጅ" አልኩት። ደህና ሁን እንኳ ሳልለው ሄደ።

አሥሬ ጠየቅኩ። አንዴ አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ከትናንት ጀምሮ ጥያቄው ለአሮጌውና ለአዲሱ ቅጂ ግማሽ በግማሽ ሆኗል። ዛሬ ደግሞ የእሳት አደጋ ልምምድ... ሁላችንም ግቢ ወጣን። ውስጥ የቀረ ሰው ካለ አገልግሎቱ ተጠየቀ። አንድ መስመር በወረቀት አትሞ መለሰ፦ አራተኛ ፎቅ፣ ሰባት ቁጥር፣ ሰው አለ።

የበሩ ዘበኛ (የእውነቱ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባባ) ወረቀቱን ይዘው ወደ ውስጥ ሮጡ። ቆይቼ ተከተልኳቸው። ሲወርዱ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ተቀምጠው ያለከልካሉ።

"አባባ፣ ልጁ እኮ ሄዷል።"

"መሄዱንማ አውቃለሁ። ወረቀቱ አለ አለኝ። ሰው አለ ከተባልኩ ምን አደርጋለሁ ልጄ? ወጣሁ። በስሙ ጠራሁት። ሁለቴ።"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ላባቸውን ጠረጉ። "ለምን?"

ቀልድ ፈለግኩ። አንድም አልመጣልኝም።

ሦስት ወር ሙሉ በአፌ ያልጠራሁትን ሰው፣ እሳቸው በዚያ ጉልበት አራት ፎቅ ወጥተው ጠሩልኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ለአለቃዬ ነገርኩት። "አንቺ ልጅ፣ የእውነት እሳት ቢሆንስ?" አለ፤ ሌላ ምንም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አረምኩ። አሥሬ ጠየቅኩ። አሥሬ ባዶ። "ሙከራው አልፏል" ብዬ ፈረምኩ።

ለአባባ የጉልበት ቅባት ገዛሁ። "ውስጡ በርበሬ የለበትም?" አሉኝ። መጀመሪያ እኔ እጄ ላይ ተቀብቼ አሳየኋቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 16

አዲሱ ቅጂ ሙሉ በሙሉ ገባ። በምሳ ሰዓት ቀጭኔው ጋ ደወልኩ። ሌላ ጊዜ ድምፄን ለውጬ ነው የምደውለው።

"ዛሬ ደግሞ ማን ነሽ? ውሃ ክፍል? ፖሊስ?"

"እኔ ነኝ።"

ቀልዱን እየጠበቀ ነበር...

"ወንበርህ ባዶ ነው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አሥሬ ጠይቄያለሁ።"

አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። ስልኩንም አልዘጋንም።