ለአንድ ቤት አንድ ገዢ በሚመጣበት ዘመን ሥራ የጀመሩት እትዬ ረጋ በሉ

የቤት ደላላዋ እትዬ ረጋ በሉ ከግንበኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የዛሬ ሰባ አራት ዓመት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ነገር ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው ካለቀ ቆይቷል። እሳቸውም በመዝገብ ስማቸው ደብዳቤ ሲደርሳቸው ፖስታውን ገልበጥ አድርገው እያዩ፣ ይቺ ደግሞ ማን ትሆን እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አባታቸው ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ሲገነቡ ውለው ለአዳራቸው ወደ ሰው ቤት የሚገቡ ሰው ነበሩ። ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ቤተሰቡ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ስለሚነሳ፣ እትዬ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ስድስት ቤት ቀይረዋል። አዲስ ቤት በገቡ ቁጥር አባታቸው እጃቸውን ይዘው ክፍሎቹን ያዞሯቸው ነበር። እርጥበት የያዘ ግድግዳ በመዳፍ ጀርባ ሲነካ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ወለል ማዘንበሉ በምን እንደሚለይ፣ መስኮት ተከፍቶ ሳይሆን ተዘግቶ መታየት እንዳለበት ያስተማሯቸው ያኔ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጀራ የበሉበትን ሙያ የቀሰሙት ገና አልጋ ባልተዘረጋባቸው ባዶ ክፍሎች ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤቶች አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁና የታይፕ ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ፣ በሃያ ዓመታቸው በአንድ የውል ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። እዚያም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቤት ሽያጭ ውል ሲተይቡ ኖረዋል። ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ፊታቸው ይፈታ ነበር። በዚያን ዘመን አንድ ቤት ሲሸጥ የሚመጣው አንድ ገዢ ነው። ገዢና ሻጭ አብረው ገብተው አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ውሉ እስኪተየብ ድረስ ሻጩ የትኛው በር በክረምት እንደሚያብጥ፣ የትኛው ጎረቤት ምን እንደሚወድ ለገዢው ይነግረዋል። ሻጩ ደግሞ ገዢውን ይመርጥ ነበር። አንድ አዛውንት ሊፈርሙ ብዕር ካነሱ በኋላ፣ ገዢው ውሻቸውን በክፉ ዓይን ሲያይባቸው ብዕሩን አስቀምጠው ውሻቸውን አስከትለው ወጥተዋል። እትዬ የተየቡትን ውል ቀድደው ሲጥሉ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው አለቃቸው ተቆጥተዋቸው እንደነበር ደጋግመው ያጫውቱን ነበር።

በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዳቦ ቤቱ አጠገብ፣ ቀድሞ ጫማ መጠገኛ የነበረችውን ክፍል ተከራይተው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። የጽሑፉ አዘጋጅ፣ የእህታቸው ልጅ፣ በዚያች ክፍል አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ግድግዳው ላይ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ሳንቃ ነበር። በየቁልፉ ላይ የታሰረችው ካርቶን የቤት ቁጥር አይጻፍባትም። ‹‹ሰማያዊ በር››፣ ‹‹ውሃ የሚዘገይበት››፣ ‹‹ደረጃው ጉልበት የሚፈልግ››፣ ‹‹ሻጯ ታለቅሳለች›› ተብሎ ነበር የሚጻፍባት። ወጣቶቹ የሙያ ጓደኞቻቸው ራሳቸውን የንብረት አማካሪ ብለው መጥራት ሲጀምሩ እንኳ እሳቸው በራቸው ላይ ‹‹ደላላ›› የሚለውን ጽሑፍ በየሁለት ዓመቱ በቀለም ያድሱት ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። አንድ ገዢ፣ ሊገዛው ያሰበውን ቤት የመብራት መስመር የሚያይለት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ሠራተኛው ጣሪያ ሥር ገብቶ አቧራ ለብሶ ወረደና፣ ይህ ቤት እስካሁን አለመቃጠሉ ይገርማል አለ። ሽያጩ ፈረሰ። እትዬ ሦስት ቀን ሲብሰለሰሉ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ሱቁ ድረስ ሄደው፣ ከዛሬ ጀምሮ የምሸጠውን ቤት ሁሉ አንተ ታየዋለህ አሉት። ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ። ሠላሳ ስድስት ዓመት በፍቅር ኖረው ሴት ልጅና ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከተማው መለወጥ የጀመረው ልጆቻቸው ትምህርት ቤት በገቡበት ሰሞን ነው። ፋብሪካዎች ተከፈቱ፣ ሰፊው መንገድ ወጣ፣ ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። መጀመሪያ ለአንድ ቤት ሁለት ገዢ መጣ። ያን ቀን እትዬ ደስ ብሏቸው ለቤተሰቡ ኬክ ገዝተው ገብተው ነበር። ቀጥሎ አምስት መጣ፤ ከዚያም ቅዳሜ ጠዋት ሰልፉ ከሚታየው ቤት ደረጃ ወርዶ መንገዱን መዞር ጀመረ። ሰው ሻጭ ፊት ለመቅረብ ከረባት አሠረ፣ ልጆቹን አጥቦ አስከትሎ መጣ፣ ስለ ቤተሰቡ መልካምነት ደብዳቤ ጻፈ። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ግድግዳ የሚነካ፣ ቧንቧ የሚከፍት ጠፋ። የመብራት መስመር ይታይልኝ ያለ ሰው ሰልፉን እንዳዘገየ ተቆጥሮ ይገላመጥ ነበር። ገዢዎቹ ቤቱን ትተው እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። አንዱ ጓዳውን ደጋግሞ ካየ ሌላው ዋጋ ይጨምራል። እትዬ በሩ ላይ ቆመው፣ ረጋ በሉ፣ ኧረ እባካችሁ ረጋ በሉ ሲሉ ነው ሰልፈኛው ስም ያወጣላቸው።

የምናከብራቸው እሳቸውን ስለሆነ፣ እሳቸውም በሕይወት ሳሉ ያልደበቁትን ነገር እዚህ መዝለል አይገባንም። በአርባ ስምንት ዓመታቸው ከማዕዘኑ ላይ ያለውን ባለ በረንዳ ቤት እንዲሸጡ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ሰጧቸው። ከሰልፈኞቹ መካከል አንዲት ነርስና የአውቶቡስ ሾፌር ባለቤቷ ነበሩ። ከዚያ በፊት አራት ቤት በእትዬ እጅ ተከታትለው አራቱንም ሌላ ሰው ቀድሟቸዋል። በዚህኛው ግን የቀደማቸው የለም። መምህሩም እሺ ብለው ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ የጣውላ ነጋዴ ቤቱን ጠየቀ። እትዬ፣ ሰው ቀድሞሃል ብለው ሊያሰናብቱት ሲገባ፣ የነርሷን ዋጋ ነገሩት። እሱ ጨመረ። ለነርሷ ደወሉላት፤ እሷም ከዘመድ ተበድራ ጨመረች። እንዲህ ሲመላለስ ሰነበተና በመጨረሻ ቤቱ ለነጋዴው ሆነ።

ነርሷ ሰኞ ጠዋት ከሥራ ስትወጣ፣ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ወደ ቢሮው መጣች። አልተቆጣችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ‹‹እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፤ እኛን የጠሩን ቤት ሊሸጡልን ነው ወይስ የሰውዬውን ዋጋ ከፍ እንድናደርግልዎት?›› አለቻቸው። የጽሑፉ አዘጋጅ በዚያ ክፍል ስለነበርኩ፣ ነርሷ ከወጣች በኋላ እትዬ የማዕዘኑን ቤት ቁልፍ በእጃቸው እንደያዙ እስከ ምሳ ሰዓት ሳይነሱ መቀመጣቸውን አይቻለሁ።

ቢሮው ሁለት ሳምንት ተዘጋ። ሲከፈት ግድግዳው ላይ በራሳቸው ታይፕ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የአንዱ ገዢ ዋጋ ለሌላው አይነገርም። ማንም ዋጋውን የሚሰጠው አንድ ጊዜ፣ በታሸገ ፖስታ ነው። ፖስታው የሚከፈተው ሁሉም በተሰበሰበበት ነው። ቤቱን ለባለሙያ ያላሳየ ሰው ፖስታው አይከፈትለትም። ሻጭ ቃል ከሰጠ በኋላ የሚመጣ ገዢ በሻይ ይሸኛል። የሙያ ጓደኞቻቸው አበደች ብለው ሳቁባቸው። ብዙ ሻጭ ቁልፉን ከሳንቃው ላይ አንሥቶ ሄደ። ለአራት ዓመት ያህል ቤታቸውን ያቆመው የባለቤታቸው ሙያ ነበር። ባለቤታቸውም አንድ ቀን እንኳ ቅር ሳይላቸው፣ መሰላላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲወጡ ‹‹የዛሬውን ገዢ እኔ ልሁንልሽ›› እያሉ ያስቋቸው ነበር።

እትዬ ነርሷን ፈልገው ያገኟት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ሌላ ሆስፒታል ተዛውራ፣ አሁንም በኪራይ ቤት ትኖር ነበር። ይቅርታ ሊጠይቁ የተዘጋጁበትን ንግግር ሳይጨርሱ እሷ ሻይ ቀዳችላቸው። ‹‹ቤቱን እንኳ ረስቼዋለሁ›› አለቻቸው። ‹‹አምስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን እያለባበስኩ ሰው እንዲመርጠን ማሰለፌን ነው ያልረሳሁት።›› ሌላ ቤት ላፈላልግልሽ ቢሏት አልፈለገችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ልጆች ይዞ ለሰልፍ የመጣን ገዢ፣ ልጆቹን ወደ መጫወቻ ውሰዳቸው፣ ቤቱን የምትከፍለው አንተ ነህ እያሉ ይመልሱት ነበር። ነርሷን ክሻታለሁ ብለው ግን አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም።

በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቸው ሰልፉ ከደረጃው ላይ ጠፋ። ውድድሩ ወደ ስልክ ገባ። ቤቱን በዓይኑ ያላየ ሰው፣ ስሙን ከማያውቀው ሰው ጋር በስልክ ዋጋ እየተሻማ ይገዛ ጀመር። እትዬ በሩን ከፍተው የሚጠብቁት ሰው ሳይመጣ ቤቱ ተሸጠ የሚል መልእክት ይደርሳቸው ነበር። ያን ጊዜ ያ የቅዳሜው ግፊያ ራሱ ናፈቃቸው። ቢያንስ የሰው ጫማ እናይ ነበር ይሉ ነበር። በኋላ ባንኮች ብድር ሲያጠብቁ የስልኩም ጥድፊያ በረደ። ወጣት ደላሎች ቢሮአቸው መጥተው ገበያው ሞተ ብለው ሲያዝኑ፣ እትዬ በዚያው ሳምንት አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ስላዩ ባልና ሚስት ያወሩላቸው ጀመር። ሚስትየዋ ቧንቧውን ከፍታ ውሃው እስኪሞቅ ቆማ ጠብቃለች። ‹‹ምን ሞተ ትላላችሁ፣ ሰው እኮ ቤት ማየት ጀመረ›› ሲሉ እንደ ልጅ ፈክተው ነበር።

ባለቤታቸው የዛሬ ስምንት ዓመት ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ቢሮውን ዘግተው፣ ቀሪ ጊዜያቸውን ከሴት ልጃቸው ጋር አሳልፈዋል። ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም ሆስፒታል ሲገቡ፣ ዶክተሮቹ ጠያቂ እንዲቀነስ እስኪያዙ ድረስ ቤት ያስገዟቸው ሰዎች ይመላለሱ ነበር። እትዬ የብዙዎቹን ስም ረስተውታል። ነገር ግን አንዱ አልጋቸው አጠገብ ሲቆም ትኩር ብለው ያዩትና፣ የጓዳው በር አሁንም አልዘጋ ይላል ወይ ብለው ይጠይቁታል። ያቺ በር እስከ ዛሬም አልተዘጋችም።

እትዬ ረጋ በሉ ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ልጆቻቸው በአጠገባቸው እንዳሉ አርፈዋል። የፋርማሲ ባለሙያ የሆነችው ሴት ልጃቸው፣ የመሬት ቀያሽ የሆነው ወንድ ልጃቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው፣ የጽሑፉ አዘጋጅ እናት፣ በሐዘን ላይ ይገኛሉ። ዛሬ በዚህ ከቆምነው መካከል ስንቱ ደግሞ ከዚህ ሲመለስ የሚከፍተውን በር ያገኘው በእሳቸው እጅ ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ማንም ማንንም ቀድሞ በማይገባበት፣ ተሰልፎ የቀረ በሌለበት ቤቱ ያሳርፍልን። ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ።