ከድንጋዩ ጋር ሳይጠራ የመጣው

ለእህቴ ለኪም-ጓት፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የደሴቱ ነፋስ ጀመረ ወይ? ጣራሽ ቻለው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጥርሴ ሦስት ቀርቷል፣ ሦስቱም ይሠራሉ። በስልክ ብጮህም «ማነህ?» ከማለት በቀር ስለማትሰሚኝ ይህን ምራቴን ፔይ-ሹዋንን አስጽፌልሻለሁ። ፊደሉ ከተንጋደደ እየሳቀች ስለሆነ ነው።

ልጄ ጂያ-ሆንግ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር አስገብቷል። አልቀለድሁም። የመስታወት ሣጥን ነው፤ ጨው ውኃ፣ ዓሣ፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅል ኮራል ሁሉ አለው። ድንጋዩ ከባሕር እርጥቡን ስለሚመጣ በየቀዳዳው ያልተጠራ እንግዳ አይጠፋም። አንድ ነገር ብቅ ባለ ቁጥር ባልና ሚስት ፎቶ አንስተው «ይህ ምንድን ነው?» እያሉ በስልክ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይልካሉ። ስድሳ ዓመት ባሕር ላይ የኖርሁት እኔ እዚሁ ተቀምጬ!

የመጀመሪያውን አየሁና «ይሄ በዝንጅብል የሚቀቀለው ነው» አልኋቸው። ፔይ-ሹዋን፣ «አባባ፣ ምን እንደሆነ እንጂ እንዴት እንደሚበላ አልጠየቅንዎትም» አለችኝ። «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላት መልስ አጣች። (አሁን «አላጣሁም፣ አክብሬዎት ነው» ብላለች፤ ይጻፍላት።) ቀጥሎ የመጣውን ትል «ለመንጠቆ የሚሆን ነው፣ ጉዳት የለውም» አልሁ፤ ልክ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ከስልኩ በፊት እኔን መጠየቅ ጀመሩ።

ባለፈው ወር ከትልቁ ድንጋይ ቀዳዳ ሁለት ዓይኖች ብቅ አሉ። ቀኑን ሙሉ ጧ! ጧ! ይላል። ጂያ-ሆንግ «አባዬ፣ ክፉ ነገር ይሆን?» ሲለኝ ሾርባዬ እንዳይቀዘቅዝብኝ ቸኩዬ «ምስኪን ሸርጣን ነው፣ ተወው» አልሁት። ተወው። በሳምንቱ መስታወቱን የሚያጸዱት ቀንድ አውጣዎች ቅርፊታቸው ተሰባብሮ ተገኙ። ቢጫዋም ዓሣ ጠፋች። ልጄ እኔን ትቶ ስልኩን አነሣ። ያ ነው ያንገበገበኝ። በስልኩም አሥራ አራት ሰው አሥራ አራት ስም ሰጠው።

አሁን ድንጋዩን በመዶሻ ልፈልጠው ይላል። ድንጋዩ ላይ ግን ፔይ-ሹዋን ሦስት ዓመት ያሳደገችው ኮራል አለ፤ ጥፍር ከማያህል ተነሥቶ ጥቅል ጎመን አክሏል። ከተፈለጠ ይሞታል። «አባባ መላ አያጡም» ብላ የሩዝ ድቡልቡል እስከምንበላበት በዓል ድረስ ጊዜ ለመነችልኝ።

እንግዲህ ስሚ። እኔ የማውቀው በመረብ የሚወጣውን ነው። ውኃው ሲሸሽ አንቺና ሴቶቹ ጎንበስ ብላችሁ ቀዳዳ ለቀዳዳ ስትጎረጉሩ፣ ከጀልባ ላይ «ጠጠር ለቃሚ!» እያልሁ የሳቅሁብሽ እኔ ነኝ፤ አልክድም። አንድ ቀን ቅርጫትሽ ውስጥ እጄን ብሰድ አንድ ዓይነ-ፈጣጣ አውራ ጣቴን ሰነጠቀኝ፤ ያን ቀን አንቺ ሳቅሽ። ጠባሳው አለ፤ ይኸኛው ጧ ባለ ቁጥር ያሳክከኛል። ያው እሱ ይመስለኛል። አንቺ ግን ድንጋዩን ሳትሰብሪ ነበር የምታወጪው። ቀዳዳው ውስጥ የምታስገቢው ምን ነበር? ስሙንስ ማን ትሉት ነበር? ሰማኒያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም፤ ይኸው ጠየቅሁ።

ይህን ለምታነብልሽ ለልጅሽ ለሱ-ፈን ሰላምታዬ ይድረስ፤ መልሱንም ሳትውል ሳታድር ትጻፍልን። ባሏ ሲጋራውን ይተው። የአጎታችንን ሚስት እጅ ሳሚልኝ፣ ለዚያች ተዋጊ ፍየልሽም ሰላም በያት።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ልጄ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ «ወንድሜም ያውቀው ነበር» ብለሽ ጨምሪበት። ፔይ-ሹዋን ይህን እንዳልሰማች ትሆናለች።

ታላቅ ወንድምሽ
ቹን-ሽዮንግ
ካኦሺዩንግ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2019